ጨው ቻዩ ስንዴ ጨውን የት ያደርሰዋል? (ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ)

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ከተለያየ ሰው ደጋግሞ መጣ። «አንተ የአፈር ሰው ነህ፤ እውነት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተያይዞበታል። ጽሑፉ የሚያወራው በአዋሽ ሸለቆ ጨው በበላው መሬት ላይ የመስኖ ስንዴ ስለማምረት ነው። አጻጻፉ ያምራል። ሐሳቡም ቅን ነው። ግን የሰማ ሁሉ እንደተጻፈው ቢያደርግ ለኪሳራ ይዳረጋል ብዬ ስለሰጋሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጨው ማለት ሌላ ስሙ ድርቅ ነው፤ ውሃ ጨምር፣ ይለቅሃል። ስንዴ እስከ 6 ድረስ ጨው ይችላል፤ ውሃህ ከዚያ በታች ከሆነ አትጨነቅ። ዘሩን ጨው ውሃ ውስጥ አሳድረህ ዝራ፤ ይለማመዳል፤ ከበቀለ በኋላ ስጋት የለም። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ዩሪያ ጣልበት። መሬቱ ካስቸገረ ጀሶ በትንበት። በመጨረሻም ጨው ቻይ ዝርያ ተገኝቷል፤ አውስትራሊያኖች ምርታቸውን በ25 በመቶ አሳድገውበታል፤ ስለዚህ ለማጠንፈፊያ ቦይ (ትርፍ ውሃን ከአፈሩ ለሚያወጣው) የሚወጣው ገንዘብ ብክነት ነው።

መጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ስንዴን መምረጣቸው ልክ ነው። ባቄላ የአፈሩ ጨዋማነት 1.6 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲደርስ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። በቆሎ በ1.7፣ ቀይ ሽንኩርት በ1.2 ይጀምራሉ። የዳቦ ስንዴ ግን እስከ 6 ድረስ ይታገሣል። በግልጽ የሚበልጡት እንደ ገብስና ጥጥ ያሉ ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ ወደ 8 ይጠጋሉ። ዴሲሲመንስ የሚባለው መለኪያ ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚያሳይ ነው። ጨው በበዛ ቁጥር ያስተላልፋል። አፈር 4 ከደረሰ ጨዋማ ይባላል። የባሕር ውሃ 50 አካባቢ ነው።

ችግሩ ያለው ያቺ 6 የምትባል ቁጥር ላይ ነው። ጸሐፊው የመስኖ ውሃ ላይ አውለዋታል። ቁጥሯ ግን የውሃ አይደለችም፤ የአፈር ናት። አፈሩ ተወስዶ፣ በንጹህ ውሃ ሊጥ እስኪመስል ተለውሶ፣ ከዚያ ተጨምቆ የወጣው ውሃ ነው የሚለካው። ማሳ ላይ ያለው አፈር ደግሞ እንደዚያ ሊጥ ውሃ የጠገበ አይደለም። ውሃው ሲያንስ ያው ጨው በትንሽ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሥሩ የሚያገኘው ውሃ ብዙውን ጊዜ ቤተ ሙከራ ከለካው እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። የመስኖ ውሃን በተመለከተ የተለመደው ስሌት የስንዴን ገደብ ወደ 4 ያወርደዋል። እሱም ቢሆን ከምናጠጣው ውሃ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ከሥሩ አልፎ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ብቻ ነው። ወደ ታች መውረጃ ከሌለው ስሌቱ ራሱ አይሠራም። ጽሑፉ 5.5 የሆነ ውሃ ያለ ስጋት እንድናጠጣ ይመክራል። በዚህ ምክር የሄደ ገበሬ አፈሩ ከ8 በላይ ሲደርስበት ምክንያቱ ግራ ይገባዋል።

ከ6 በኋላስ? ከዚያ በላይ የምትጨመር እያንዳንዷ 1 ዴሲሲመንስ ከዳቦ ስንዴ ምርት 7 በመቶ ገደማ ትወስዳለች። አፈሩ 10 ላይ ከደረሰ 28 በመቶ ጎደለ ማለት ነው። ከሄክታር 40 ኩንታል ይጠብቅ የነበረ ሰው 29 አካባቢ ያገኛል። ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁና የኮምባይኑ ኪራይ ግን አልቀነሱለትም።

«ውሃችን ጣፋጭ ነው» ለሚሉም አንድ ስሌት አለችኝ። 0.5 ዴሲሲመንስ የሆነ ውሃ ለመጠጥም የማያስቸግር ጥሩ ውሃ ነው። ግን በእያንዳንዱ ሊትር 0.3 ግራም ገደማ ጨው አለበት። አንድ ሄክታር ስንዴ በአንድ ወቅት 5,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢጠጣ፣ ከውሃው ጋር 1.6 ቶን ጨው ገባ ማለት ነው። 16 ኩንታል! ውሃው ይተናል፤ ጨው አይተንም። መሐከለኛው አዋሽ ላይ ባለችው ወረር አካባቢ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ600 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ትነቱ ግን ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አጥቦ የሚወስደው ዝናብ የለም። የትልሙ ጀርባ ላይ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ከዚህ የመጣ ነው፤ ውሃው ከቦዩ ወደ ጀርባው ይሳብና እዚያ ተኖ ጨውን ጥሎት ይሄዳል።

አሁን «ጨው ድርቅ ነው» ወደሚለው ልምጣ። ግማሹ እውነት ነው፤ ያሳሳታቸውም እሱ ይመስለኛል። ስንዴ ላይ ጨው ሲመጣ ጉዳቱ በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ይመጣል። ጨው ያለበት አፈር ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሥሩ ለመሳብ ይቸገራል። በዚያው ቀን የቅጠሉ እድገት ይቀንሳል። በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይጠባሉ። ከሥሩ በኩል የሚወጡት የጎን ቡቃያዎች ያንሳሉ። ተክሉ ለመቋቋም እንደ ፕሮሊን ያሉ ነገሮችን በሴሎቹ ውስጥ ያከማቻል፤ ይህም የራሱን ጉልበት ይበላበታል። እስከዚህ ድረስ በእርግጥ ድርቅ ይመስላል።

ሁለተኛው ደረጃ ግን ድርቅ ውስጥ የለም። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ራሱ ቀስ እያለ ወደ ቅጠል ይወጣል። እዚህ ላይ የስንዴ ብልሃት ይገርመኛል። ሥሩ እንደ ዘበኛ ነው፤ ከሚመጣው ሶዲየም ከ100 እጅ 98 ያህሉን ከደጅ ይመልሳል። 2ቱ ብቻ ናቸው የሚያልፉት። «ታዲያ 2 በመቶ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ስንዴ በቅጠሉ ይዞ ከሚያስቀረው ውሃ 50 እጥፍ የሚሆነውን ወደ አየር ይለቃል። ሶዲየሙ አብሮ አይተንም። 2 በመቶ በ50 ሲባዛ 100 ነው። ስለዚህ እንዲህ አጥብቆ እየጠበቀም ቢሆን የቅጠሉ ውስጥ ሶዲየም ውሎ አድሮ ከአፈሩ ጋር ሊስተካከል ይችላል። ጥበቃው ትንሽ ከላላና 4 ቢያልፍ እጥፍ ይሆናል። በጣም የሚጎዱት የቆዩት ቅጠሎች ናቸው፤ ብዙ ውሃ ያለፈው በእነሱ ነውና። አዲስ ቅጠል ከሚወጣበት ፍጥነት ይልቅ አሮጌው የሚሞትበት ከበለጠ፣ ተክሉ እህሉን የሚሞላበት ምግብ ያጣል።

ይህን ካያችሁ «ውሃ ጨምር» የሚለው ምክር ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባችኋል። መውጫ በሌለው መሬት ላይ ውሃ ሲጨመር የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ይመጣል። አንድ ሁለት ሜትር ላይ ከደረሰ ፀሐይዋ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ከነጨው። ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው የማያስበው። ሶዲየም ከደጅ መመለስ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበት ለማግኘት ሥሩ መተንፈስ አለበት። ማሳው ላይ ውሃ ከተኛ አፈሩ ውስጥ አየር ያልቃል። ሥሩ ጉልበት ሲያጣ ጥበቃው ይፈርሳል፤ ሶዲየሙ ወደ ቅጠል ይጎርፋል። ጨውና የተኛ ውሃ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡ ስንዴን የሚጎዱት ለየብቻ ሲመጡ ከሚጎዱት በላይ ነው። ማጠንፈፊያ በሌለው ጨዋማ ማሳ ላይ «ከጠማው ይጠጣ» ብሎ ቦዩን ከፍቶ ማደር ማለት ይኸው ነው።

ዘርን በጨው ውሃ ስለማለማመድ ብዙ አልልም። ዘርን ለተወሰነ ሰዓት ነክሮ አድርቆ መዝራት በቶሎና በእኩል እንዲበቅል ሊረዳ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ንጹህ ውሃም ይበቃል። ግን ዘር ውስጥ አንድ ሌሊት የገባ ጨው ከሦስት ወር በኋላ የሥሩን ጥበቃ አያጠነክርም። የወጥ ቤት ጨው እያበዙ መንከር ደግሞ ጽንሱን መግደል ነው። ይልቅ የከፋው ስህተት «ከበቀለ ስጋት የለም» የሚለው ነው። ስንዴ ሲበቅል ጨውን መቻሉ አይገርምም፤ ዘግይቶም ቢሆን ብቅ ይላል። ይበልጥ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ፣ ገና አጭር ሳለ ነው። ቅጠሎቹ አራት አምስት ሲሆኑ ዛላው አገዳው ውስጥ ተደብቆ እየተሠራ ነው፤ በዓይን አይታይም። ዛላው ስንት ፍሬ እንደሚይዝ የሚወሰነው በዚያን ጊዜ ነው። ገበሬው ማሳውን አይቶ «እሰይ፣ አረንጓዴ ነው» ሲል የምርቱ ቁጥር እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። አበባ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በተለይ እህል ሲሞላ፣ ስንዴ ጨውን የተሻለ ይችላል። እንግዲህ ጥሩ ውሃ ትንሽ ከሆነች መሰጠት ያለባት መጀመሪያ ላይ ነው። ጨው ቀመስ ውሃ ካለ ወደ መጨረሻው ይቆይ።

ዩሪያን በተመለከተ እስቲ ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብለን እንይ። ናይትሮጅን (ዩሪያ የሚሰጠውን ምግብ) ያጣ ስንዴ ጠቅላላ መልኩ ገርጥቷል። ከታች ያለው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሐሉ በኩል ቢጫ እየሆነ ይወርዳል፤ ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ጨው የያዘው ስንዴ ግን ብዙውን ጊዜ አይገረጣም። እንዲያውም ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚመስል፣ አጭርና ጠጠር ያለ ነው። የታችኛው ቅጠል ጫፉና ጠርዙ ተቃጥሎ ይደርቃል፤ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ማሳው ላይም ጉዳቱ እኩል አይደለም። እዚህ ጋ ደህና፣ እዚያ ጋ ራሰ በራ። ዩሪያ የጎደለው ማሳ እንዲህ አይዥጎረጎርም። ሁለቱን ሳይለዩ ዩሪያ መጣል ሁለት ጉዳት አለው። ማዳበሪያ ራሱ ጨው ነው። በዚያ ላይ ብዙው የአዋሽ አፈር አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ስለሆነ፣ ላዩ ላይ የተበተነ ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይበናል። በዛሬው የማዳበሪያ ዋጋ!

ጀሶ መድኃኒት ነው፣ ግን የሁሉም በሽታ አይደለም። ጨዋማ አፈር ሌላ፣ ሶዲየም የበዛበት አፈር ሌላ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ግን ይፈርሳል፣ ውሃም ያስገባል። ሁለተኛው ሲረጥብ ይላቁጣል፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፤ ውሃ ቢለቁበት ኩሬ ሆኖ ይውላል። ጀሶ ውስጥ ያለው ካልሲየም ሶዲየሙን ከአፈሩ ያስለቅቀዋል። ስለዚህ ለሁለተኛው ይጠቅማል። ለመጀመሪያው ግን ጨው ላይ ጨው መጨመር ነው። ለሁለተኛውም ቢሆን የተለቀቀው ሶዲየም ታጥቦ መውረድ አለበት፤ አለዚያ እዚያው ነው ያለው። ሕንዶች በሐሪያናና በፑንጃብ ሰፊ መሬት በጀሶ አድነዋል። ካርናል ከተማ ያለው የጨዋማ አፈር ምርምር ተቋማቸው በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ግን ጀሶውን በትነው ዝም አላሉም። ብዙ ውሃ አቁመውበት መጀመሪያ ሩዝ ዘሩበት፤ ስንዴው የመጣው ቀጥሎ ነው። ጸሐፊው የወሰዱት ጀሶዋን ብቻ ነው፤ ውሃውንና ሩዙን ትተውታል።

የአውስትራሊያው ጉዳይ የጽሑፉ አከርካሪ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልየው። ነገሩ እውነት ነው። በፈረንጆች 2012 የታተመ ሥራ ነው። የተሠራው ግን በዱረም ስንዴ ላይ ነው፤ ለፓስታና ለማካሮኒ በሚሆነው። ዱረም ከዳቦ ስንዴ ይልቅ ሶዲየምን አብዝቶ ወደ ቅጠሉ ያስገባል። ምክንያቱ ይታወቃል። የዳቦ ስንዴ 42 ክሮሞዞም አለው፣ ዱረም 28። ዱረም በሌለው ክፍል ውስጥ ሶዲየምን ወደ ላይ ከሚወጣው ውሃ ላይ እየለቀመ የሚያስቀር ጂን አለ። ተመራማሪዎቹ ያንን የሚመስል ጂን ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወስደው በማዳቀል ዱረም ውስጥ አስገቡት። በጣም ጨዋማ በሆነ ማሳ ላይ፣ ጂኑ ያለው ዱረም ከሌለው ወንድሙ በ25 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጠ።

እንግዲህ ልብ በሉ። 25 በመቶው «ከደህና መሬት ምርት ላይ 25 ጨመረ» ማለት አይደለም። ጨው ላይ ከተጎዳው ወንድሙ በለጠ ነው። ደህና መሬት ላይ ልዩነት አልታየም። ሌላው ደግሞ መሐከለኛው አዋሽ ውስጥ፣ አሚባራ ላይ የምንዘራው የዳቦ ስንዴ ነው፤ የዚህን ጂን ዘመድ ቀድሞውንም ይዟል። ስለዚህ ያንን 25 በመቶ ገልብጦ ወደ እኛ ማሳ ማምጣት አይቻልም። የወረር ምርምር ማዕከል ያወጣቸው እነ ፈንታሌና እነ አሚባራ የሚባሉት የስንዴ ዝርያዎችም ቢሆኑ ዋና ሙያቸው የቆላውን ሙቀት ችለው በመስኖ ማፍራት ነው። ሙቀት መቻል ሌላ፣ ጨው መቻል ሌላ።

በዝርያ ላይ ተስፋ የለኝም እያልኩ አይደለም። ከራጃስታን ገበሬዎች ማሳ የተገኘው ክሃርቺያ የሚባለው ስንዴ ስንቱን ጨው ቻይ ዝርያ ወልዷል። የእኛም አገር የገበሬ ስንዴ በብዛቱ ዓለም የሚያውቀው ነው፤ በተለይ ዱረሙ። ቢፈተሽ ደስ ይለኛል።

ግን እስቲ ዝርያው በሚገባ ሠራ እንበል። መልካም ጨው ቻይ ስንዴ ማለት ሶዲየሙን አላስገባም ያለ ስንዴ ነው። 98 ሲመልስ የነበረው 99 መለሰ። የተመለሰው ጨው የት ሄደ? ሥሩ አጠገብ ነው የቀረው። ውሃውን ጠጣ፣ ጨውን ተወ። በሚቀጥለው ዓመት ስንዴው የሚያገኘው አፈር ካለፈው የባሰ ነው። ከነጭራሹ ተክሉ የወሰደውም ጥቂት ስለሆነ፣ ገለባውን ከማሳ ማውጣት አፈሩን አያጸዳውም። ዝርያው ጊዜ ይገዛልናል። መሬቱን አያድንም። «ጨው ቻይ ዝርያ ስላለ ማጠንፈፊያ ቦይ አያስፈልግም» የሚለው የተገለበጠ ነው። ዝርያው በበረታ ቁጥር ጨው እየተከማቸ መሆኑን ቶሎ ስለማናየው፣ ቦዩ የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ።

ይህ ደግሞ በወሬ የቀረ አይደለም፤ መሐከለኛው አዋሽ አይቶታል። ጥጥም ጨው ቻይ ነው፤ ከስንዴ ይበልጣል። አሚባራና መልካ ሰዲ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ጥጥ ሲለማ የከርሰ ምድሩ ውሃ እየቀረበ መጣ። ሰፊ መሬት ከእርሻ ወጣ። ጥጥ የነበረበት ቦታ ዛሬ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የወረረው ስንት አለ። ሰብሉ ጨው ቻይ መሆኑ መሬቱን አላተረፈውም። ወደ ላይ፣ መተሐራ ላይ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ አለ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማና ሶዲየም የበዛበት ነው። እየተመጠነ ወደ አዋሽ ሲለቀቅም ቆይቷል። ከታች ያለ ስንዴ አምራች ይህንን ውሃ ነው የሚቀዳው።

ቦይ ውድ ነው የሚለውን አልክድም። ከመሬት በታች የሚቀበር ቱቦ፣ ውሃው ሲጠራቀም የሚያወጣ ፓምፕ፣ በየዓመቱ ደለል መጥረግ፤ ገንዘብ ነው ሁሉም። ጸሐፊው ቢያነሱት የምወደው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። የተጠነፈፈው ጨዋማ ውሃ የት ይሂድ? አዋሽ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። አሚባራ ያወጣው ጨው ወንዙ ውስጥ ከገባ ከወንዙ በታች፣ ዱብቲ ያለው ገበሬ ቦይ ውስጥ ይገኛል። የማጠንፈፊያውን ውሃ ለብቻው የሚተንበት ቦታ ይሠራለት ወይስ ጨው ለሚወዱ የመኖ ተክሎች ይሰጥ? ማንስ ይክፈለው፣ የላይኛው ወይስ የታችኛው አልሚ? ክርክሩ እዚህ ላይ ቢሆን እኔም ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብዬ ብዙ የምማረው ይኖረኛል።

እስከዚያው ጽሑፉን አንብባችሁ ዘንድሮ ለመዝራት ለተዘጋጃችሁ አንድ ነገር ልለምን። ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ከማሳው የተለያየ ቦታ፣ ከላዩም ከ60 ሳንቲ ሜትርም አፈር ወስዳችሁ አስለኩ። ጨዋማነቱ ብቻ ሳይሆን ሶዲየሙም ይለካ። አንድ ጉድጓድም አስቆፍሩና ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እዩ። ውሃው ከሁለት ሜትር ይልቅ ወደ ላይ የቀረበ ከሆነ በጀቱን ከዘሩ በፊት ለቦዩ መድቡ።